ንግዱ በማን ስም ይቁም? የትንሽ ነጋዴ የግብር ምርጫ

የአንድ ትንሽ ንግድ ግብር በአብዛኛው የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ ንግዱ በሕግ ፊት የማን እንደሆነና በዓመት ምን ያህል እንደሚሸጥ። ሁለተኛውን ገበያው ይወስነዋል። የመጀመሪያው የባለቤቱ ምርጫ ነው። ይህ ምርጫ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት፣ ንግድ ፈቃድ ሊወጣ በተሄደበት ቀን፣ ጎረቤት እንዳደረገው በማድረግ ያልፋል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የግብር ማስታወቂያው ሲመጣ ነው ነጋዴው በግል ወይም በማኅበር መሆኑ ምን ለውጥ እንዳመጣ የሚጠይቀው።

ቱም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በምዕራብ ኦሞ ዞን፣ በማጂ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ጨርቁና ቆርቆሮው ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን አማን በኩል ረጅም መንገድ ተጉዞ ይደርሳታል፤ ከአካባቢዋ ደግሞ ማር፣ ኮረሪማ፣ ቡናና ከብት ይወጣል። እንዲህ ባለች ከተማ የሚገኘው ነጋዴ ሸቀጣ ሸቀጥ ሻጭ፣ የእህል ወፍጮ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ምግብ ቤት ከፋች፣ ማር ሰብስቦ ሚዛን የሚያወርድ ወይም ቡና አቅራቢ ነው። የሁሉም ንግድ ትንሽ ነው ይባላል። በግብር ዓይን ሲታዩ ግን እርስ በርሳቸው እጅግ ይራራቃሉ፤ ልዩነቱም የሚመጣው ከሽያጩ ብዛት ይልቅ ከሽያጩ ውስጥ ለባለቤቱ ከሚቀረው ነው።

ከሁሉ በፊት ግብሩን የሚሰበስበው ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴን የንግድ ትርፍ ግብር ለክልል ሰጥቷል። በራሱ ማሳ የሚያመርተው ገበሬ የሚከፍለውም እንዲሁ የክልል ነው። በአንቀጽ 98 ደግሞ የኩባንያ ትርፍና ባለ አክሲዮኖች በሚካፈሉት ላይ የሚጣለው ግብር የፌዴራልና የክልል የጋራ ነው ይላል። ስለዚህ በግል ስሙ ሱቅ የከፈተ የቱም ነጋዴ ጉዳዩ የወረዳውና የክልሉ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የገቢ ግብር ሕግ ያወጣሉ፤ ይዘቱ ግን የፌዴራሉን በቅርብ ይከተላል። ደቡብ ምዕራብ በመስከረም 2014 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ በዚያው ዓመት ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን፣ ነጋዴው ከዚያ በፊት ከሐዋሳ ይጠብቀው የነበረውን መመሪያ ከአዲሱ ክልል መጠበቅ ጀመረ።

አንድ ድንበር እዚህ ላይ ይሰመር። የጓሮውን ቡና አድርቆ የሚሸጥ ገበሬ የግብርና ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የሚከፍል ሰው ነው፤ ንግድ ፈቃድ አያስፈልገውም። ያው ገበሬ ከጎረቤቶቹ ቡና ገዝቶ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ መሸጥ የጀመረ ዕለት ግን ነጋዴ ሆኗል። በቡና አገር ይህን መስመር ሳያውቁ የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ወረዳው ሲደርስባቸውም ክርክሩ ከራስ ማሳ የወጣው ስንት፣ የተገዛው ስንት ነበር በሚል ማስረጃ በሌለው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ከቁርጥ ግብር ወደ ሽያጭ ግብር

ለብዙ ዓመታት የትንሽ ነጋዴ ግብር በግምት ነበር። በ1994ቱ የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ እስከ 100,000 ብር የሆነ ነጋዴ ደረጃ ሐ ይባል ነበር፤ የሂሳብ መዝገብ አይጠየቅም፣ በቁርጥ ይከፍላል። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ጣሪያውን ወደ 500,000 ብር አነሣው፤ ከ500,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ያለው ደረጃ ለ፣ ከአንድ ሚሊዮን ጀምሮ ያለውና ማንኛውም ድርጅት ደረጃ ሀ ሆነ። ቁርጡ ይሰላ የነበረው ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞረው በሚያወጡት የቀን ገቢ ግምት ላይ ነው። ይህ አሠራር የመረረው በሐምሌ 2009 ነው። አዲሱ ግምት ይፋ ሲሆን በአዲስ አበባና እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ የኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃወሙ። ቅሬታው ግብር መክፈልን በመጥላት ብቻ አልነበረም። የቀን ሽያጩ ይህን ያህል ነው የተባለው ነጋዴ አይደለም የሚልበት ወረቀት አልነበረውም፤ ገማቹም ነው የሚልበት ወረቀት አልነበረውም።

በሐምሌ 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደረጃ ሐን ከነአካቴው አስቀረ። አሁን ያሉት ሁለት ደረጃዎች ናቸው። ዓመታዊ ሽያጩ ሁለት ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ግለሰብ ደረጃ ሀ ነው። በማኅበር የተቋቋመ ድርጅትም፣ ሽያጩ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ደረጃ ሀ ነው። ከሁለት ሚሊዮን በታች የሚሸጥ ግለሰብ ደረጃ ለ ይሆናል፤ ግብሩም በትርፉ ላይ ሳይሆን በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ይሰላል። መጣኔው ከ2 በመቶ ጀምሮ በአምስት እርከን፣ 3፣ 5 እና 7 እያለ ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ላለው ሽያጭ 9 በመቶ ይደርሳል።

የዚህ ሕግ ቀላልነት የሚወደድ ነው። የሽያጩን መጠን ያወቀ ነጋዴ ግብሩን ያውቃል፤ የወጪ ደረሰኝ መሰብሰብ፣ ከኦዲተር ጋር መከራከር የለም። ግን አንድ ዓይነት መጣኔ ለሁሉም ንግድ ሲሠራበት የሚጎዳው ማን እንደሆነ ለማየት ሁለት የቱም ነጋዴዎችን ማሰብ ይበቃል። የእህል ወፍጮ ባለቤት ከሚያስፈጨው ሰው የሚቀበለው ገንዘብ ሁሉ የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ለነዳጅ ወይም ለመብራት፣ ለጥገናና ለሠራተኛ ከከፈለ በኋላም ደህና ይቀረዋል። ለእርሱ ከመቶ ብር ሽያጭ አምስት ወይም ሰባት ብር ግብር መክፈል የሚቻል ነገር ነው። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የሚሸጠው ባለ ሱቅ ግን ከመቶው ብር ዘጠና ሦስቱን ወይም ዘጠና አምስቱን ለጅምላ አከፋፋዩና ለጫኚው መኪና መልሶ ይሰጣል። ይህ ሰው በዓመት 1.8 ሚሊዮን ብር ቢሸጥና ከመቶ አምስት ብር ቢቀረው፣ ጠቅላላ ትርፉ 90,000 ብር ነው፤ ከዚያም የቤት ኪራይ ይወጣል። በሽያጩ ላይ የሚሰላው ግብር ከዚህ ትርፍ ይበልጣል። የመጨረሻዎቹ 300,000 ብሮች ብቻቸውን በ9 በመቶ 27,000 ብር ግብር ያመጣሉ፤ ያስገኙት ትርፍ ግን 15,000 ብር ነው። እንዲህ ያለ ሱቅ ብዙ በሸጠ ቁጥር የሚከስርበት ክልል ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ነጋዴዎች ለዚህ የሚያገኙት የተለመደ መፍትሔ ሱቁን ሁለት አድርጎ አንዱን በሚስት ወይም በወንድም ስም ማውጣት ነው። ሁለተኛው ሱቅ በእርግጥ የሌላ ሰው ንግድ ከሆነ ችግር የለውም። ስሙ ብቻ ተለውጦ ገንዘቡ በአንድ ኪስ የሚገባ ከሆነ ግን የገቢ ግብር ሕጉ ግብር ለመቀነስ ሲባል ገቢን መከፋፈልን ያውቀዋል፤ ባለሥልጣኑም ሁለቱን ደምሮ ማስላት ይችላል። በአንድ ሰው ስም ያሉ ንግዶችማ ሱቅም ይሁኑ ምግብ ቤት በአንድ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ቲን፣ ሥር ይደመራሉ።

በትርፍ ላይ መክፈል

ደረጃ ሀ የሆነ ነጋዴ ግብሩ በትርፉ ላይ ነው። ከሽያጩ ላይ የዕቃ መግዣውን፣ ኪራዩን፣ ደመወዙን፣ የባንክ ወለዱን፣ የመጓጓዣውን ይቀንሳል፤ የዕቃዎች እርጅናም ይታሰብለታል። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት ሕንፃ በየዓመቱ 5 በመቶ ያረጃል፤ ኮምፒዩተር በቀጥታ ስሌት 20 በመቶ፣ ወፍጮን የመሰለ ሌላ መሣሪያ 15 በመቶ። የከሰረበት ዓመት ካለም ኪሳራው ወደ ቀጣይ ዓመታት ሊሸጋገርለት ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያገኘው ግን በመዝገብና በደረሰኝ ብቻ ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንዳልወጣ ይቆጠራል። በቱምና በአካባቢዋ ትልቁ እንቅፋት ይኸው ነው፤ ማር የሚሸጠው ገበሬ፣ በቅሎ የሚያከራየው ሰው፣ ጫኝና አውራጁ ደረሰኝ የላቸውም። ከእነርሱ ለተገዛው የመግዣ ሰነድ አዘጋጅቶ የሻጩን ስም፣ አድራሻ፣ መጠንና ፊርማ መያዝ ቢያንስ የሚያሳይ ነገር እንዲኖር ያደርጋል።

የግለሰብ መጣኔው በማሻሻያው እንዲህ ሆኗል፦ ከዓመታዊ ትርፍ የመጀመሪያው 24,000 ብር ነፃ ነው፤ እስከ 48,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 84,000 ያለው 20፣ እስከ 120,000 ያለው 25፣ እስከ 168,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ። ድርጅት ከሆነ ግን እርከን የለም፤ ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ 30 በመቶ ነው።

ምሳሌ ቢወሰድ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሦስት ሚሊዮን ብር የሸጠና 300,000 ብር ያተረፈ ንግድ በግለሰብ ስም ቢሆን የሚከፍለው 80,400 ብር ነው። በድርጅት ስም ቢሆን 90,000 ብር ይሆናል። ድርጅቱ ትርፉን ለባለቤቶቹ ሲያከፋፍል ደግሞ በድርሻው ላይ ሌላ ግብር ይቀነሳል። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት ትርፉ 492,000 ብር ሲደርስ ነው፤ እዚያ ላይ በሁለቱም 147,600 ብር ይከፈላል። ከዚያ በላይ የድርጅቱ 30 በመቶ ከግለሰቡ 35 በመቶ ይሻላል፤ ያም ቢሆን ትርፉ ንግዱ ውስጥ ቀርቶ ለሥራ ካፒታልነት ከዋለና በሕጉ መሠረት ወደ ካፒታል ከዞረ ነው። ትርፉን በየዓመቱ አውጥቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት ነጋዴ ግን ድርጅት መሆኑ በግብር በኩል አይጠቅመውም። በየከተማው «ፒኤልሲ ብታደርገው ግብሩ ይቀንስልሃል» ብለው የሚመክሩ አሉ። ምክሩ ለአንዳንዶች ልክ ነው፤ ለአብዛኞቹ የትናንሽ ከተማ ነጋዴዎች ግን ሂሳቡ ሳይሠራ የሚሰጥ ምክር ነው።

መካሪዎቹ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ግለሰብ ነጋዴ ለራሱ ደመወዝ ከፍሎ ከትርፉ መቀነስ አይችልም፤ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ግን ባለቤቱም ቢሆን ደመወዝተኛ ሊሆን ይችላል። በምሳሌው ሥራ አስኪያጁ በወር 10,000 ብር ቢያገኝ ከደመወዙ በወር 1,650፣ በዓመት 19,800 ብር ግብር ይቀነሳል። የጡረታ መዋጮውን ለጊዜው ወደ ጎን ብናደርገው ደመወዙ የድርጅቱን ትርፍ ወደ 180,000 ያወርደዋል፤ ግብሩም 54,000 ይሆናል። በድምሩ 73,800፤ ከግለሰቡ ያነሰ ይመስላል። እዚህ ላይ ግን የ2017ቱ ማሻሻያ ያመጣው ዝቅተኛ አማራጭ ግብር ይገባል፤ የደረጃ ሀ ግብር ከጠቅላላ ሽያጩ 2.5 በመቶ እንዳይወርድ የሚል ነው። የሦስት ሚሊዮን 2.5 በመቶ 75,000 ብር ነው። ስለዚህ ድርጅቱ በ54,000 ፈንታ 75,000 ይከፍላል፤ ከሥራ አስኪያጁ የደመወዝ ግብር ጋር 94,800 ይሆናል። በዘዴ የተገኘው ቅናሽ ጠፍቶ ጭማሪ ሆነ። ሽያጩ ብዙ፣ ትርፉ ጥቂት የሆነ ንግድ በየትኛውም በር ቢገባ ይህን ወለል ይረግጣል።

ወለሉ ለዚያ ለ1.8 ሚሊዮን ብሩ ሱቅ ግን የተገላቢጦሽ ይሠራል። በድርጅት ቢቋቋምና ደረጃ ሀ ቢሆን 2.5 በመቶው 45,000 ብር ነው፤ በደረጃ ለ ከሚጠየቀው እጅግ ያንሳል። በእርግጥ ከዚህ ላይ ለሂሳብ ባለሙያ የሚከፈለው ይጨመራል፤ በየወሩ ሪፖርት ማቅረቡም አለ። እንዲያም ሆኖ ትርፉ ጠባብ፣ ሽያጩ ወደ ሁለት ሚሊዮን የተጠጋ ባለ ሱቅ ድርጅት ማቋቋምን ሊያስብበት የሚገባው ትክክለኛ ምክንያት ይኼ ነው። ከዚያ በፊት ግን መዝገብ ይዞ በትርፉ መስተናገድ ይችል እንደሆነ ለወረዳው ገቢዎች በጽሑፍ ማመልከት ይቀድማል፤ ማመልከቻ ወጪ የለውም።

ከግብሩ ሌላ ስሙ የሚያመጣው ነገር

የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የ1952ቱን ሕግ ተክቶ ሲወጣ ለትንሽ ነጋዴ አንድ ትልቅ በር ከፈተ፤ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ፒኤልሲ፣ ማቋቋም ይችላል። ቀድሞ ሁለተኛ አባል ግድ ስለነበር ብዙዎች የወንድም ወይም የሚስት ስም ለይስሙላ ያስገቡ ነበር። አሁን ብቸኛው ባለቤት ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ ሥራውን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ መሰየም ብቻ ይጠበቅበታል። የማኅበሩ ዕዳ በማኅበሩ ንብረት ይወሰናል፤ የግለሰብ ነጋዴ ዕዳ ግን ቤቱንና ከብቱንም ይነካል። ቡና አቅራቢ ለወቅቱ ብድር ወስዶ ዋጋ ቢወድቅበት ይህ ልዩነት ከግብሩ ሁሉ ይከብዳል። ሆኖም አጥሩ ክፍተት አለው። ባንክ ለትንሽ ማኅበር ሲያበድር የባለቤቱን የግል ዋስትና መጠየቁ የተለመደ ነው፤ በታክስ አስተዳደር አዋጁም ማኅበሩ ግብር ሳይከፍል ቢቀር ሥራ አስኪያጁ በግሉ የሚጠየቅበት ሁኔታ ተቀምጧል።

የኅብረት ሽርክና ማኅበር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በጥቃቅንና አነስተኛ የሚደራጁ ወጣቶች ብዙ ጊዜ በዚህ ስም ይመዘገባሉ፤ የሚያስመዘግባቸው ጽሕፈት ቤት የሚያውቀው ቅጽ እርሱ ስለሆነ ነው። ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ ሁሉ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ አምስት ወጣቶች ብሎኬት ለማምረት ተበድረው አራቱ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄዱ አምስተኛው ሙሉውን ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። በግብርም በኩል ሽርክና እንደ ድርጅት ይታያል። ለጥቃቅን ኢንተርፕራይዝ የሚሰጥ ልዩ አያያዝ ስላለ ግን የተደራጁበትን ሰነድ ይዞ ደረጃቸውን በጽሑፍ ማስወሰን ከሰኔ መዝጊያ ግርግር ያድናል።

ከሁሉ በላይ የተስፋፋው ግን ማንም የማይመዘግበው ነው። ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ፈቃዱ በአንዱ ስም ይወጣል፤ ትርፉን ይካፈላሉ። የንግድ ሕጉ ለዚህ የሚቀርብ የእሽሙር ማኅበር የሚባል ዓይነት ያውቃል፤ ከተዋዋዮቹ ውጭ ግን ህልውና የለውም። ገቢዎች የሚያውቀው ስሙ ፈቃዱ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ግብሩም ቅጣቱም ዕዳውም የእርሱ ነው። ሽርካው ድርሻውን ከግብር በፊት ከወሰደ ደግሞ በስም ያለው ሰው ባልበላው ትርፍ ላይ ይከፍላል። ቢያንስ ግብር ከትርፍ ክፍፍል በፊት ይነሣል የሚል ሁለቱ የፈረሙበት ወረቀት ቢኖር ብዙ ወዳጅነት ይተርፋል።

ለቡናና ለማር አምራቾች የቀረው አማራጭ ኅብረት ሥራ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበሩን ራሱን ከገቢ ግብር ነፃ ያደርገዋል፤ አባላት ግን በሚደርሳቸው የትርፍ ድርሻ ላይ ግብር ይከፍላሉ። በሚዛን አማን በኩል የቤንች ማጂ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚህ መልክ ይሠራል። ነፃነቱ የተሰጠው አባላት ምርታቸውን በጋራ እንዲሸጡ ታስቦ ነው፤ አንድ ነጋዴ አሥር ዘመድ አስፈርሞ የሚሸሸግበት ጥላ አይደለም። የአንድ አባል አንድ ድምፅ ሥርዓት ስላለውም ብቻውን ማዘዝ የለመደ ሰው አይስማማውም።

ገዢው የሚጠይቀው

አንዳንዴ ደረጃውን የሚመርጠው ገዢው ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ቫት፣ በ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1341 እንደ አዲስ ተደንግጎ በ15 በመቶ ቀጥሏል፤ የግዴታ ምዝገባው ጣሪያም ሁለት ሚሊዮን ብር ነው። ከዚያ በታች ያለ ነጋዴ የመመዝገብ ግዴታ የለበትም፤ የሚሸጠው ለመሥሪያ ቤቶች፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለትልልቅ እርሻዎች ከሆነ ግን በፈቃዱ መመዝገቡ ሊጠቅመው ይችላል። ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ምግብ የሚያቀርብ ሰው የቫት ደረሰኝ ከሌለው ጨረታው በር ላይ ይመለሳል። ለገጠር ሸማች ለሚሸጥ ሱቅ ግን ቫት ዋጋን 15 በመቶ የሚያስወድድ ሸክም ነው፤ ጎረቤቱ ያለ ቫት ከሸጠ ገበያው ወደዚያ ይሄዳል።

ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ሲገዙ ደግሞ ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ይቀንሳሉ፤ በ2008ቱ አዋጅ 2 በመቶ የነበረው በማሻሻያው 3 በመቶ ሆኗል። ገንዘቡ የጠፋ አይደለም። የተቀነሰበት ደረሰኝ እስካለ ድረስ በዓመቱ መጨረሻ ከግብሩ ላይ ይታሰባል፤ ደረሰኙን ያልጠየቀ ግን ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ቲን የሌለው ሻጭ የሚቀነስበት 30 በመቶ ነው። ቲን ማውጣት የሚያመነታ አቅራቢ ይህን ቁጥር ሲሰማ አያመነታም።

አቋቋሙ

ሥራው የሚጀምረው ከንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ወይም ኔትወርክ በሚሠራበት ቀን ከንግድ ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ። ለግለሰብ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የባለቤትነት ማስረጃና ቲን ይበቃሉ፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ቲን አይኖረውም። ለግል ማኅበር የንግድ ስም ማጣራት፣ መመሥረቻ ጽሑፍ መጻፍና ማረጋገጥ፣ ካፒታል በባንክ ማስገባትና የማኅበሩን የራሱን ቲን ማውጣት ይጨመራል። የግል ማኅበር ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ብቻ ስለሆነ ችግሩ ገንዘቡ ላይ አይደለም። ከቱም ተነሥቶ ውል አረጋጋጭና ባንክ ፍለጋ ጀሙ ከተማ ወይም ሚዛን አማን መመላለሱ፣ በዝናብ ወራት ደግሞ መንገዱ፣ ከካፒታሉ ሊበልጥ ይችላል።

በፈቃዱ ላይ የሚጻፈው የሥራ ዘርፍም ቀላል ነገር አይደለም። ሸቀጣ ሸቀጥ ብሎ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከጓሮ ያለውን ክፍል ቢያከራይ የኪራዩ ገቢ በሰንጠረዥ ለ ለብቻው ይሰላል፤ የንግዱ ገቢ ደግሞ በሰንጠረዥ ሐ ነው። የሰንጠረዥ ሐ እና የተሻረው ደረጃ ሐ ፊደል አንድ መሆኑ ብዙ ሰው አደናግሯል፤ ደረጃው ቀርቷል፣ ሰንጠረዡ አለ።

ከተቋቋመ በኋላ የሚያስፈልገው ልማድ ነው። የንግዱ ገንዘብ ከቤት ገንዘብ ተለይቶ በራሱ የባንክ ሂሳብ ወይም በራሱ የቴሌብር ቁጥር ቢገባና ቢወጣ፣ ደረጃ ለ የሆነው ሽያጩን ለማስረዳት፣ ደረጃ ሀ የሆነው ወጪውን ለማስረዳት ያውለዋል። ሠራተኛ የቀጠረ የደመወዝ ግብር በየወሩ ቀንሶ ገቢ ያደርጋል፤ ለጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ደረጃ ሀ ዓመታዊ ሂሳቡን እስከ ጥቅምት 30 ያቀርባል። ግብሩን ማጠናቀቁን የሚያሳይ ወረቀት፣ ማለትም ክሊራንስ፣ ያላገኘ ፈቃዱን ማሳደስ አይችልም።

የተወሰነው ግብር በዝቷል የሚል በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በ21 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ያቀርባል፤ ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ ከተከራከረበት ግብር ግማሹን አስይዞ ወደ ታክስ ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን ይሄዳል። ክልሎች የየራሳቸው አካል አላቸው፤ ቀኑ ግን በሁሉም ዘንድ ይቆጠራል። ከቱም ተነሥቶ ቦንጋ ደርሶ ለመከራከር የሚያስበው ነጋዴ ብዙ ጊዜ ከነገሩ ትክክለኛነት ይልቅ በቀኑ ማለፍ ይረታል።

በግል የተጀመረ ንግድ ቆይቶ ወደ ማኅበር ሊዞር ይችላል። ዝውውሩ ግን ስም መቀየር ብቻ አይደለም፤ ማኅበሩ አዲስ ሰው ነው፣ አዲስ ቲንና አዲስ ፈቃድ ይዞ ይመጣል፤ ዕቃውና መሣሪያው ዋጋ ተገምቶለት ይተላለፋል፤ የቀድሞው ግለሰብ ግብሩን አጠናቆ ክሊራንስ ይወስዳል። አመቺው ጊዜ የሁለቱ ሂሳብ እንዳይደባለቅ የሰኔ መጨረሻ ነው። በዚያው ጊዜ የድሮውን ፈቃድ መመለስና ንግዱ መቆሙን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ይገባል። ሱቁን ዘግቶ ፈቃዱን ኪሱ ውስጥ የተወ ነጋዴ በገቢዎች መዝገብ ላይ አሁንም እየነገደ ነው።